ስምንት ቦታዎች፦ የውጭ ተጫዋች ገደብና የአሜሪካ እግር ኳስ ዕድገት



 በንግግሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

በሜጀር ሊግ ሶከር፣ ማለትም በአሜሪካና በካናዳ ከፍተኛው የእግር ኳስ ሊግ፣ ለእያንዳንዱ ክለብ በመነሻው የሚሰጠው የውጭ ተጫዋች ቦታ ስምንት ነው። ክለቡ እስከ 30 ተጫዋች ማስመዝገብ ይችላል፤ ከነዚህ ስምንቱ ባዕድ ቢሆኑ ደንቡ አይከለክልም። እስከዚህ ያለው በብዙ አገር የሚታይ ነው። የአሜሪካውን የሚለየው ቦታው ራሱ ገበያ የሚወጣ መሆኑ ነው። ስምንቱንም የማይፈልግ ክለብ አንዱን ወይም ሁለቱን ቦታ ለጠበበው ክለብ ያስተላልፋል፤ በምትኩ ሊጉ ለተጫዋች ደመወዝና ግዢ ከሚያከፋፍለው ልዩ በጀት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይቀበላል። ስለዚህ አንዱ ክለብ ስድስት፣ ሌላው አሥር የውጭ ተጫዋች ይዞ ብታገኙት ማንም ደንብ አልጣሰም።

ሁለተኛው ልዩነት ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በአሜሪካ ክለቦች ዘንድ ከነዚህ ቦታዎች አንዱን የሚይዘው ዜግነት የሌለው ሁሉ አይደለም። የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ የያዘ ቋሚ ነዋሪ፣ በስደተኝነት የተመዘገበና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሁሉ እንደ አገር ልጅ ይቆጠራል። በዲቪ ከቤተሰቡ ጋር የመጣ፣ ከስደተኛ ካምፕ ተነስቶ ሚኒሶታ የገባ፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት ወጣት በሊጉ መዝገብ ላይ ቴክሳስ ከተወለደው ልጅ እኩል ይሰፍራል። ለብሔራዊ ቡድን ለመሰለፍ ግን ዜግነት የግድ ነው፤ ያ የፊፋ ሕግ ነውና ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም።

እኔ ልሟገትለት የመጣሁት ሐሳብ እነሆ። ገደብ ለአገር ልጅ ቦታ ይጠብቅለታል፤ ጨዋታ ግን አያስተምረውም። አጥር ችግኙን ከፍየል ያድነዋል እንጂ ውሃ አያጠጣውም። አሜሪካ ይህን ለመረዳት 40 ዓመት ገደማ ወስዶባታል፤ በመካከሉ አንድ ሊግ ሙሉ ሞቶባታል።

ከዚያ ከሞተው ሊግ ልጀምር። በ1968 ሲፎካከሩ የነበሩ ሁለት ሊጎች ተዋህደው የሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ሊግን፣ በአጭሩ ናስልን፣ መሠረቱ። ክለቦቹ ያሳደጓቸው ልጆች አልነበሯቸውም። ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዩጎዝላቪያ፣ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአፍሪካ ተጫዋች እየሰበሰቡ ሜዳ ሞሉ። አልፎ አልፎ አሜሪካዊ ብቅ ይል ነበር፤ ካይል ሮት ጁኒየር በ1973 በመጀመሪያ ዓመቱ ለዳላስ ቶርናዶ ተሰልፎ የሊጉን የአጥቂዎች ሰንጠረዥ በመምራቱ አገሩ ተደንቆ ነበር። መደነቁ ራሱ ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ ይናገራል።

ከዚያ በ1975 ፔሌ ለኒውዮርክ ኮስሞስ ፈረመ። የክለቡ ባለቤት ዋርነር ኮሚኒኬሽንስ የተባለው የመዝናኛ ኩባንያ ነበርና ገንዘቡ አላሳሰበውም። ጣሊያናዊው ጆርጆ ቺናሊያ ተከተለ፤ በ1977 ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወርና ብራዚላዊው ካርሎስ አልቤርቶ ደረሱ። በዚያው ዓመት ኦገስት 14 ቀን ኮስሞስ ከፎርት ላውደርዴል ስትራይከርስ ጋር ሲጫወት ጃያንትስ ስታዲየም ውስጥ 77,691 ተመልካች ነበር። ዮሃን ክራይፍም መጥቶ በ1979 ለሎስ አንጀለስ አዝቴክስ፣ በ1980 ደግሞ እዚሁ ከተማ ለዋሽንግተን ዲፕሎማትስ ተጫውቷል። በ1978 ሊጉ 24 ክለቦች ነበሩት። ከውጭ ላየው ሰው እግር ኳስ አሜሪካን የወረሰ ይመስል ነበር።

የሊጉ መሪዎች አንድ ጉድለት ሳይታያቸው አልቀረም፤ አሜሪካዊ ሕጻን የሚያደንቀው አሜሪካዊ ተጫዋች አልነበረም። መፍትሔ ብለው ያመጡት ቁጥር ነበር። ሜዳ ከሚገቡት 11 ውስጥ የተወሰኑት የሰሜን አሜሪካ ልጆች እንዲሆኑ ደነገጉ፤ ቁጥሩንም ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረጉት። አሰልጣኞች ግን የሚባረሩት በተሸነፉ ቁጥር ነው እንጂ ወጣት ባላሳደጉ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ኮታውን ጨዋታው በማይወሰንበት ቦታ ሸሸጉት። አሜሪካዊው ግብ ጠባቂ ወይም ተከላካይ ሆነ። በኮስሞስ በረኛው ሼፕ ሜሲንግ፣ ተከላካዮቹ ቦቢ ስሚዝና ቨርነር ሮት የአገሩን ድርሻ ሲይዙ፣ ኳስ የሚያከፋፍለው ቤከንባወር፣ ግብ የሚያስቆጥረው ቺናሊያ ነበር። ሦስቱንም አላቃልልም፤ ጥሩ ተጫዋቾች ነበሩ። የምለው ደንቡ አሜሪካዊውን ከኳሱ አርቆ ያሰለፈው መሆኑን ነው።

የራሴን ግምት ልጨምር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አሜሪካ ወደ እንግሊዝ የላከቻቸው ታላላቅ ስሞች ብራድ ፍሪደል፣ ኬሲ ኬለርና ቲም ሃዋርድ ነበሩ፤ ሦስቱም ግብ ጠባቂዎች። በእጅ የሚጫወቱት ቅርጫት ኳስና ቤዝቦል የበረኛን እጅ ሳያፈጥኑ አልቀሩም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የጨዋታው አእምሮ የሚሠራበት የመሐል ሜዳ ለረጅም ጊዜ ለውጭ ሰው የተተወ ከነበረ፣ አሜሪካዊው ፈጣሪ አማካይ ከየት ይምጣ? በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ የዚህ ግልባጭ ሲያወያይ ቆይቷል። ክለቦቻችን የውጭ ዕድላቸውን በግብ ጠባቂ ላይ ሲያውሉ አይተናል፤ ዑጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንግካራ የቅዱስ ጊዮርጊስን በር ለዓመታት ጠብቋል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያረጀው ኢትዮጵያዊ በረኛ ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይታይም።

ናስል ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ አንድ ያልተለመደ ሙከራ ተደረገ። በ1983 ብሔራዊ ቡድኑን ራሱን እንደ ክለብ በሊጉ ውስጥ አስገቡት፤ ስሙ ቲም አሜሪካ፣ መቀመጫውም ዋሽንግተን። አንድም የውጭ ተጫዋች የሌለበት ክለብ ማለት ነው። ሪክ ዴቪስን የመሳሰሉ ምርጥ አሜሪካውያን ክለባቸውን ትተው ለመምጣት አልፈቀዱም፤ ቡድኑም መጨረሻ ወጥቶ በአንድ ዓመት ተበተነ። ገደቡን እስከ ጥጉ ብትወስዱት የሚደርሰው እዚያ ነው። ተጫዋቹ የሚሻሻለው ከሚበልጠው ሰው ጋር በየቀኑ ሲለማመድ መሆኑን ዴቪስ ከአለቆቹ በፊት የተረዳ ይመስለኛል።

በ1984 ናስል በዘጠኝ ክለቦች የመጨረሻውን ውድድር አካሄደ። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ፈረንሳይና ብራዚል ለወርቅ ሲጫወቱ ሮዝ ቦውል ስታዲየም 101,799 ሰው ገብቷል። ስለዚህ ተመልካች ጠፍቶ ነው ማለት አይቻልም። ገንዘቡ ከውጭ ኮከብ ደመወዝ አልፎ ሥር አልያዘም፤ ፔሌ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ነገር ነበር። በነገራችን ላይ የእኛው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተውም በዚያው በ1984 ነው። ሚሊየነሮቹ ክለባቸውን ሲዘጉ ታክሲ የሚነዱና ፓርኪንግ የሚሠሩ ወገኖቻችን ክለብ ይመሠርቱ ነበር፤ እነዚያ ክለቦች ዛሬም በየዓመቱ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ሰሞን ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ከፕሮፌሽናሉ ሊግ ወጣ ብዬ ብዙዎቻችን በየዕለቱ የምናልፍበትን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ላንሳ፤ ባዕድ ተጫዋች ስንል ምን ዓይነት ቁስል እንደሚነካ ያሳያልና። ትሪኒዳዳዊው አሰልጣኝ ሊንከን ፊሊፕስ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ተማሪዎችን አሰባስበው በ1971 የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ አነሡ። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ግን የተጫዋቾቹን ብቁነት መርምሮ ዋንጫውን ነጠቃቸው። ከደንቦቹ አንዱ የውጭ ተማሪ ከ19 ዓመቱ በኋላ በአገሩ የተጫወተበትን ጊዜ ከመጫወቻ ዓመቶቹ ላይ የሚቀንስ ነበር፤ አሜሪካዊውን አይመለከትም። ዩኒቨርሲቲው ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የውጭ ተማሪን ነጥሎ የሚጎዳውን ይህን ደንብ ከሕገ መንግሥቱ የእኩልነት ዋስትና ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው፤ ሌሎቹ ደንቦች ግን ጸኑና ዋንጫው አልተመለሰም። የፊሊፕስ ልጆች መልሱን በሜዳ ሰጡ። በ1974 ያደረጉትን 19 ጨዋታ 19ኙንም አሸንፈው ዋንጫውን መልሰው ወሰዱ። ገደብ ሲባል ሁልጊዜ ስለ ልጆች ዕድገት ብቻ እንደማይወራ፣ አንዳንዴ ማን እዚህ ይገባዋል የሚል ፍርድ ከሥሩ እንደሚኖር የሃዋርድ ታሪክ ምስክር ነው። ዛሬ በሜጀር ሊጉ ግሪን ካርድ ያለውና ስደተኛው እንደ አገር ልጅ የሚቆጠሩት በቸርነት ብቻ አይመስለኝም። በ1986 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ አሠሪዎች በዜግነት ሁኔታ ሰው እንዳያገሉ ሲከለክል ከለላ የሰጠው ለእነዚሁ ነው።

ናስል ከሞተ በኋላ ያሉት ዓመቶች ትልቅ ትምህርት አላቸው። ከ1985 እስከ 1995 አሜሪካ አገር አቀፍ የአንደኛ ደረጃ የሜዳ ሊግ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ቦታ የሚሻማ የውጭ ኮከብ አልነበረም። አሜሪካዊው ግን በዚያ ባዶ ሜዳ አላበበም፤ ከኮሌጅ ሲወጣ የሚሄድበት አጣ። በኖቬምበር 1989 ፖል ካሊጁሪ በፖርት ኦፍ ስፔን ትሪኒዳድ ላይ ያስቆጠራት አንዲት ግብ አገሪቱን ከ40 ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ አበቃቻት፤ ያን ቡድን ያቆሙት በአመዛኙ ቋሚ ሊግ የሌላቸው የኮሌጅ ልጆች ነበሩ። ጀግንነት ነው፤ አሠራር ግን አይደለም።

የ1994ን የዓለም ዋንጫ ለማዘጋጀት አሜሪካ ለፊፋ የገባችው ቃል አዲስ ሊግ መመሥረት ነበር። ሜጀር ሊግ ሶከር ኤፕሪል 6 ቀን 1996 በሳን ሆዜ ተጀመረ፤ አስር ክለቦች ነበሩት፤ የመጀመሪያዋን ግብ ኤሪክ ዋይናልዳ አስቆጠረ። መሥራቾቹ የናስልን መቃብር አይተው ነበርና ሁለት ልጓም አበጁ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ የተጫዋቹ ውል የክለቡ ሳይሆን የሊጉ ሆነ፣ ደመወዙም ጣሪያ ተበጀለት። ሁለተኛው የውጭ ተጫዋች ቁጥር ነው። ጊዜው የሚገርም ነው። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በዲሴምበር 1995፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦስማን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ላይ የነበረውን የተጫዋች ገደብ አፍርሶ ነበር። አውሮፓ በሯን ስትከፍት አሜሪካ በሯን ገርበብ አድርጋ ጀመረች።

ገርበብ ባለው በር የገቡት ግን የተመረጡ ነበሩ። ካርሎስ ቫልዴራማ ታምፓ፣ ማርኮ ኤቼቬሪ ዋሽንግተን፣ ሆርሄ ካምፖስ ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ ከጎናቸው ከውጭ አገር የተመለሱት ጆን ሃርክስ፣ ታብ ራሞስና አሌክሲ ላላስ ተሰለፉ። የናስል አሜሪካዊ ከኮከቡ ኋላ ቆሞ ይከላከል ነበር፤ የዚህ ሊግ አሜሪካዊ ከኮከቡ ጎን መሐል ሜዳ ላይ መጫወት ጀመረ። ኤቼቬሪ ኳስ ሲያቀብል ከሚቀበሉት መካከል አሜሪካውያን ነበሩ። ይህን ነው እኔ ጥሩ የገደብ ውጤት የምለው፤ ባዕዱ ጥቂት ሲሆን አስተማሪ ይሆናል።

ቢሆንም ዕድገት አልመጣም። የመጀመሪያው ዓመት ጉጉት በረደ፣ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ከ2001 ውድድር በኋላ ታምፓ ቤይ ሚውቲኒና ማያሚ ፊውዥን ተዘጉ፤ ሊጉ ከሞት የተረፈው እንደ ፊሊፕ አንሹትዝ ያሉ ሁለት ሦስት ባለሀብቶች ብዙ ክለቦችን በአንድ ጊዜ ተሸክመው ስላቆዩት ነው። በ2002 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ በኮሪያና ጃፓን የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ቡድኑ አድጎ ሊጉ ሊሞት ደርሶ ነበር። ለውጭ ተጫዋች የተዘጋ ቦታ ብዛት የሊግን ጤና ይወስናል ለሚል ሰው ይህ ዓመት መልስ የለውም።

አሁን ወደ 2007 እንሂድ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት እዚያ ነው። ሁሉም የሚያስታውሰው ዴቪድ ቤካምን ነው። እሱ ለሎስ አንጀለስ ጋላክሲ እንዲፈርም ሊጉ የደመወዝ ጣሪያውን ቀዶ አንድ ክለብ ለጥቂት ተጫዋቾች ከጣሪያው በላይ እንዲከፍል ፈቀደ። ዛሬ ሊዮኔል ሜሲ በኢንተር ማያሚ የሚጫወተው በዚያ ቀዳዳ ነው። ካሜራው ሁሉ ወደ ቤካም ሲዞር ግን ሌላ፣ ጸጥ ያለ ነገር ተጀመረ። ሊጉ ክለቦቹ የወጣቶች ማሠልጠኛ እንዲኖራቸው አስገደደ። በራሱ አካዳሚ ያሳደገውን ልጅ ክለቡ ከድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየተራ ተጫዋች ከሚመርጡበት ሥርዓት፣ ውጭ በቀጥታ እንዲያስፈርም ተፈቀደለት፤ የብዙዎቹ ደመወዝም ከጣሪያው ውጭ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ክለብ 14 ዓመት የሞላውን ልጅ ቢያሠለጥን ልጁ ኮሌጅ ገብቶ በድራፍት የተቀናቃኝ ንብረት ይሆን ነበር። ማን ለተቀናቃኙ ያሳድጋል? ከዚያ በኋላ ግን ማሳደግ ለክለቡ ትርፍ ሆነ።

ፍሬው ለመብሰል ዓመታት ፈጀ፤ በመካከሉም ብርቱ ድንጋጤ መጣ። ኦክቶበር 10 ቀን 2017 ኩቫ በምትባል የትሪኒዳድ ከተማ አሜሪካ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከሩሲያው የዓለም ዋንጫ ቀረች። በማግስቱ ጣት የተቀሰረው ወደ ሊጉ የውጭ ተጫዋቾች ነበር፤ ልጆቻችን ቦታ አጡ ተባለ። እኔ በዚህ አልስማማም። በኩቫ የወደቀው ትውልድ ተወልዶ ያደገው አካዳሚዎቹ ከመስፋፋታቸው በፊት ነበር፤ የአካዳሚዎቹ ልጆች በዚያን ቀን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ታይለር አዳምስ በኒውዮርክ ሬድ ቡልስ አካዳሚ አድጎ በ2019 ወደ ላይፕዚግ ሄደ። ብሬንደን አሮንሰን ከፊላደልፊያ ዩኒየን ወደ ሳልዝቡርግ፣ ሪካርዶ ፔፒ ከኤፍሲ ዳላስ ወደ አውግስቡርግ ተሻገሩ። ዌስተን መኬኒ ደግሞ ከዳላስ አካዳሚ የፕሮፌሽናል ውል ሳይፈርም ወደ ሻልከ በመሄዱ ዳላስ በሱ የዝውውር ክፍያ አላገኘም፤ ክለቦቹ ልጅን ቀድሞ ማስፈረም የተማሩት እንዲህ ባለ ኪሳራ ነው። አሜሪካ ወደ ኳታሩ የ2022 የዓለም ዋንጫ ስትመለስ የውጭ ተጫዋች በሊጉ አልቀነሰም። የተጨመረው የማሠልጠኛ ሜዳ ነው።

የገደብ ደጋፊዎች ጣሊያንን ይጠቅሳሉ፤ ብርቱ ክርክር ስለሆነ አልዘለውም። ጣሊያን በ1966 በሰሜን ኮሪያ ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ስትባረር አዲስ የውጭ ተጫዋች ማስገባት ከለከለች፤ በሩ እስከ 1980 ተዘግቶ ቆየ፤ በ1982 ዋንጫውን በላች። ልክ ነው። ነገር ግን ጣሊያን በየከተማው የዘመናት ክለብና የታዳጊ ቡድን ነበራት፤ ገደቡ የጠበቀው አስቀድሞ የነበረን ነገር ነው። አሜሪካ በናስል ጊዜ የምትጠብቀው አልነበራትም።

ስደተኛን እንደ አገር ልጅ የሚቆጥረው ደንብ ምን እንደሚያስገኝ ለማሳየት የካናዳዊውን ተጫዋች የአልፎንሶ ዴቪስን ነገር በዝርዝር ልናገር፤ ደስ የሚለኝ ታሪክ ነው። ወላጆቹ ከላይቤሪያ ጦርነት የሸሹ ናቸው፤ እሱ የተወለደው ጋና ውስጥ በቡዱቡራም የስደተኞች ካምፕ ነው። በአምስት ዓመቱ ቤተሰቡ ካናዳ ገባ፣ ኤድመንተን አደገ። የቫንኩቨር ዋይትካፕስ አካዳሚ ወሰደው፤ በ2016 ገና በ15 ዓመቱ በሜጀር ሊጉ ተሰለፈ። የካናዳን ዜግነት ያገኘው በቀጣዩ ዓመት ነው። ልብ በሉ፤ ዜግነቱ ሳይመጣ ክለቡ ከስምንቱ ቦታዎች አንዱን ማቃጠል አላስፈለገውም፤ በካናዳ ክለቦች ዘንድም ቋሚ ነዋሪ እንደ አገር ልጅ ይቆጠራልና። በ2018 በጊዜው የሊጉ ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ ለባየርን ሙኒክ ተሸጠ፤ በ2020 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ። በልደት ቦታ የሚለይ ደንብ ቢሆን ኖሮ ቫንኩቨር ለዚያ ልጅ ቦታ ለመስጠት ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር።

የእኛም ልጆች በዚህ በር አልፈዋል። ፉአድ ኢብራሂም ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ አደገ፤ በ2007 ገና ታዳጊ ሳለ ኤፍሲ ዳላስ በድራፍት መረጠው፣ በኋላ ለቶሮንቶ ተጫወተ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ስትበቃ ከቡድኑ ጋር ደቡብ አፍሪካ ነበር። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ እዚሁ ሜሪላንድ ኳስ ተማረ፤ አርሰናል ወሰደው፣ የአሜሪካን ዜግነት በ2014 አገኘ፣ በኋላም ለስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ፈረመ። ጋናዊው ፍሬዲ አዱም በዲቪ ከመጣ ቤተሰብ ሜሪላንድ አድጎ በ14 ዓመቱ ለዲሲ ዩናይትድ ፈርሟል። አዱ በ2004 ያን ሁሉ ጩኸት ተሸክሞ ሲገባ ዕድሜውን የሚመጥን አካዳሚ አልነበረም፤ ከትልልቅ ሰዎች መሐል ተወረወረ። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ሕይወት ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካም ራሷ በሌሎች ገደብ ትፈተናለች። ክርስቲያን ፑሊሲክ ከፔንሲልቬኒያ ወደ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በ16 ዓመቱ የሄደው በአያቱ በኩል የክሮኤሺያ ፓስፖርት ስለነበረው ነው። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች አገር ለአገር እንዳይዛወር ይከለክላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ግን ከ16 ጀምሮ ይፈቀዳል። በ2019 ቼልሲ በ64 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። ያው ችሎታ ኖሮት ክሮኤሺያዊ አያት ያልነበረው የአሜሪካ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።

ስለ ሊጉ ገንዘብም በአጭሩ ልናገር። ቶሮንቶ በ2007 ሊጉን ለመቀላቀል የከፈለው 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 30ኛው ክለብ ሳን ዲዬጎ በ2025 ለመጀመር 500 ሚሊዮን ከፍሏል። በ2024 የመደበኛውን ውድድር ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ አይቷል። በሳን ዲዬጎ ታሪክ ውስጥ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስደስተኝ ሌላ ነው። ክለቡን ከግብጻዊው ባለሀብት ከሞሐመድ መንሱርና ከሲኩዋን ነባር ሕዝብ ጋር ያቆመው ራይት ቱ ድሪም በ1999 ጋና ውስጥ የተመሠረተ አካዳሚ ነው። አሁን በካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ማሠልጠኛ ከፍቷል። አሜሪካ በ1975 ከውጭ ያስመጣችው የ34 ዓመት ኮከብ ነበር፤ ዛሬ ከአፍሪካ ያስመጣችው ትምህርት ቤት ነው። ክለቡም በመጀመሪያ ዓመቱ የምዕራብ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሷል።

እንግዲህ ገደቡ ይነሣ? አልልም። ቢነሣ ሀብታሞቹ ክለቦች ነገ ከደቡብ አሜሪካ 20 ወጣት ያመጣሉ፣ አካዳሚውም ወጪ ብቻ ይመስላቸዋል። ስምንቱ ይቆይ። የሚቀየረው ሌላ መሆን አለበት። አንድ ክለብ ያልተጠቀመበትን ቦታ ሲሸጥ የሚያገኘው ዶላር ዛሬ የሌላ አዋቂ ተጫዋች ደመወዝ ይሆናል። ያ ገንዘብ በደንብ ታስሮ ለታዳጊዎች ሥልጠና ይዋል እላለሁ፤ ቦታው የተጠበቀው በነሱ ስም ነውና።

ቀሪው ችግር ከሊጉ በታች ነው። በአሜሪካ አንድ ልጅ በጥሩ የታዳጊ ክለብ ለመጫወት ወላጁ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ ለጉዞና ለሆቴል ሌላ። የሜጀር ሊጉ አካዳሚዎች በአብዛኛው በነጻ ያሠለጥናሉ፤ ነገር ግን ጥቂቶች ናቸው፣ ልጁን የሚያዩትም አስቀድሞ ከፍሎ በተጫወተበት ውድድር ላይ ነው። ሌሊት የምትሠራ እናት በሳምንት አራት ቀን ልምምድ የምታደርሰው እንዴት ነው? በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ሜዳዎች የኛን ልጆች በነጻ የሚያሠለጥኑ ወንድሞች አሉ፤ ከኪሳቸው ኳስ ገዝተው።

ለእነሱ አንድ ተግባራዊ ነገር ልናገርና ላብቃ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በዝውውር ክፍያ ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ተደንግጓል። የአሜሪካ ክለቦች ይህን ገንዘብ ለብዙ ዓመታት አልሰበሰቡም። ዲአንድሬ የድሊን በ2014 ለቶተንሃም ሲሸጥ ያሳደገው ክሮስፋየር የተባለ የዋሽንግተን ግዛት የታዳጊ ክለብ ድርሻዬን ብሎ እስከ ፊፋ ተከራክሯል፤ በ2019 ሜጀር ሊጉም የሥልጠና ክፍያውን መጠየቅ እንደሚጀምር አስታወቀ። ክፍፍሉ የሚሠላው በተመዘገበ ክለብና በተመዘገበ ዓመት ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ ከእናንተ ጋር መጫወቱን የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ፊፋ አያውቃችሁም። ክለባችሁን በግዛቱ የእግር ኳስ ማኅበር አስመዝግቡ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ የልደት ቀንና የተጫወተበትን ወቅት በየዓመቱ አስገቡ፤ ወረቀቱንም አስቀምጡ።